መስቀሉ ከነመረግዱ

አባቴ ሌባ ተባለ። ከዚህ ካልጀመርኩ የቀረው ሁሉ ወሬ ነው የሚሆንብኝ። ከትክል ድንጋይ ከተማ ወዲያ፣ ማኪና ከሚያደርሰው አልፎ በእግር በሚኬድባት የገጠር ደብር ዕድሜውን ሙሉ የቀደሰ ቄስ፣ የቤተ ክርስቲያኑን መረግድ ሸጦ በቦታው ብርጭቆ አስገባ ተባለ። እንዲህ ያሉት ደግሞ ልጆቻቸውን ያጠመቀላቸው፣ እናት አባታቸውን የፈታላቸው ሰዎች ናቸው። ይህን የምጽፈው በሌሊት ተነሥቼ ነው። ያስነሣኝ የጎንደር ብርድ እንዳይመስላችሁ፣ ንዴት ነው።

አባቴ ከቅዳሴው ሌላ ዕቃ ቤቱን ይጠብቅ ነበር። ዕቃ ቤት ማለት ከቤተ መቅደሱ አጠገብ ያለች፣ ጎንበስ ተብሎ የሚገባባት የድንጋይ ቤት ናት፤ ከበሮው፣ ጽናው፣ ጃንጥላው፣ አልባሳቱ እዚያ ነው የሚቀመጠው። ከሁሉም የሚከበረው አንድ ትልቅ የብር መስቀል ነው። መካከሉ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል አረንጓዴ ዕንቍ አለች፤ መረግድ ናት ይባላል፣ የጎንደር ንጉሥ የሰጧት ናት ይባላል። "ይባላል" እያልኩ የምደጋግመው ወድጄ አይደለም። ያያት የለማ! መስቀሉ ሁልጊዜ በግምጃ እንደተጠቀለለ ነው። ለንግሥ ሲወጣም ተጠቅልሎ፣ ስንሳለመውም በጨርቁ ላይ፣ ሲመለስም ተጠቅልሎ። ግምጃው ሲያረጅ አዲሱን ከላይ ይደርቡበታል እንጂ አሮጌውን አይፈቱም። ፈትቶ ያየ ዓይኑ ይጠፋል፣ በዚያ ዓመት በረዶ አዝመራውን ያወርደዋል ነው የሚሉት። እኔም ልጅ ሳለሁ መስቀሉን ስስም ጉብ ያለችውን ቦታ በከንፈሬ እፈልጋት ነበር።

አሁን የርክክቡን ነገር ልንገራችሁ፤ ጉዱ ያለው እዚያ ላይ ነው። የዕቃ ቤት ጠባቂ ሲለወጥ፣ በደብሩ ንብረት ላይ የሚያዘው ገበዙ በታቦቱ ደጅ፣ በሽማግሌዎች ፊት ዕቃውን አንድ ባንድ በቃል ይጠራል። መስቀሉ ላይ ሲደርስ "መስቀሉ ከነመረግዱ?" ይላል። ተረካቢው መስቀሉን ይታቀፍና በግምጃው ላይ ጉብታዋን በአውራ ጣቱ ዳስሶ "ከነመረግዱ ተረከብኩ" ይላል። ሽማግሌዎቹ በአንድ አፍ "አየን" ይላሉ። ምኑን ነው ያያችሁት? ጨርቅ እኮ ነው ያያችሁት! ግን አያት ቅድመ አያቶቻቸው እንዲያ አሉ፣ እነሱም እንዲያ አሉ፤ ለክብሩ ሲባል ማንም አልፈታም። አባቴም እንዲሁ ዳስሶ ነው የተረከበው። ያኔ "አየን" ካሉት ሽማግሌዎች ዛሬ በሕይወት ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም የአባቴ አበልጅ ነው፣ ወንድሜን ክርስትና ያነሳው። ከልጅነቴ ጀምሮ "አያ" እያልኩ ነው የምጠራው። አሁንም አያ እለዋለሁ፣ አንቱም እለዋለሁ፤ ከአፌ እንጂ ከልቤ አይደለም።

ባለፈው ዓመት መንገዱ ጥቂት ሰላም ሲሆን ቅርስ የሚመዘግቡ ሰዎች ከከተማ መጡ። እኔ አልነበርኩም፣ ነገሩን ያየው እዚያው የሚያርሰው ወንድሜ ነው። ሰዎቹ ፎቶ ለማንሳት መስቀሉ ይፈታ አሉ። አባቴ "አይሆንም፣ ተፈትቶ አያውቅም" አለ። ገበዙ ደግሞ ሰዎቹ ፊት ትልቅ ሰው ለመምሰል "ፍታው፣ ታዘሃል" አለው። አባቴ ሦስት ጊዜ አማትቦ በገዛ እጁ ፈታው። ግምጃው ንብርብር ነው፤ ከታች ያለው ሲነኩት እንደ አመድ ይበናል። ከዚያ ከመጡት አንዱ ልጅ እግር ስልኩን አብርቶ ወደ ድንጋይዋ ጠጋ አለና "ይሄማ ብርጭቆ ነው፤ ውስጡ የአየር አረፋ ይታያል" አለ። ይህንኑ ብሎ፣ ፎቶውን አንስቶ፣ ማኪናው ወዳለበት ሄደ። ለሱ ሥራ ነው፣ አልፈርድበትም።

በነጋታው አገሩ ሁሉ አወቀ። ማን ጠበቀው? እሱ። ማን ፈታው? እሱ። ታዲያ ማን ለወጠው? አለቀ፣ ተፈረደ! ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል እያሉ ይሳሳቁ ጀመር። "ልጁንስ ጎንደር ማራኪ ሰፈር የሚያኖራት በምን ገንዘብ ነው?" ያለችም አለች አሉኝ። ወይ ነዶ! ማራኪ የምኖረው ጣሪያው በክረምት በሚያንጠባጥብ አንድ ክፍል ውስጥ ነው፣ ኪራዩንም የምከፍለው እኔው ነኝ። ብትመጣ ባሳየኋት።

የደብሩ ጉባኤ ተሰበሰበና አባቴን ከቅዳሴ አገደው። መረግዱን እስኪመልስ ወይም የሸጠበትን እስኪናገር ድረስ መቅደስ አይገባም ተባለ። የንስሐ ልጆቹ አንድ በአንድ ሌላ አባት ያዙ። ከሁሉ የከፋኝ ግን የሰንበቴው ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ላይ ተቀምጦ ሳለ ጠላ የሚቀዳው ሰውዬ ከግራው ላለው ቀዳ፣ አባቴን ዘለለና ከቀኙ ላለው ቀዳ። አባቴ ያቀረበውን ዋንጫ ቀስ አድርጎ መሬት ላይ አስቀመጠው አለኝ ወንድሜ። ይህን ስሰማ ሚኒባስ ውስጥ ነበርኩ፤ ስልኩን ይዤ ጮኼ አለቀስኩ፣ ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ይየኝ!

ፈቃድ ወስጄ ሄድኩ። አባቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ዳዊቱን ይደግማል። ቀሚሱ ታጥቦ ተሰቅሏል፣ ለብሶት የሚሄድበት ግን የለውም።

"ምነው ዝም ትላቸዋለህ አባዬ?" አልኩት።

"ዝም አይነቅዝም ልጄ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።"

"እስኪጠራ አንተ ትሞታለህ! ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ማለት እንዲህ ነው።"

ሳቀ። የሚያናድደኝ እኮ እሱ ነው፣ ይስቃል። ቆይቶ ግን ሳቁን አቆመና እንዲህ አለኝ፦ "እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። አበልጄ ቆሞ 'ስንረካከብ አልፈታነውም፣ ማናችንም አላየነውም' ይበል። ይችን ብቻ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል፣ ሌባ ተብዬ ልቀበር አልፈልግም።"

እስኪነጋ አልጠበቅኩም፣ ወዲያው ወደ አበልጁ ቤት ወረድኩ። አጥር ያጥራል። እንደ ወትሮው ጉልበቱን ስሜ "አያ፣ ያኔ አባቴ ሲረከብ ድንጋይዋን በዓይንዎ አይተዋታል?" አልኩት። እሾሁን ከእጁ ሳያስቀምጥ "ያየነውን አይተናል" አለኝ። "ተፈትቶ ነበር ወይ?" አልኩ። "ያየነውን አይተናል አልኩሽ እኮ ልጄ። ታቦት ፊት የተባለ ቃል ይመለሳል?" አለና ጀርባውን ሰጠኝ። ባለቤቱ ቆሎ አቀረበችልኝ፤ እኔ ግን አንዲት ፍሬ አልቀመስኩም።

ጎንደር ስመለስ እንቅልፍ አጣሁ። የምሠራው ዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው፤ መጽሐፍ እደረድራለሁ፣ አቧራ እጠርጋለሁ፣ የሚንጫጫ ተማሪ ዝም አሰኛለሁ። ከውጭ በስጦታ የመጣ፣ ማንም ተውሶት የማያውቅ አንድ ወፍራም የላቲን መዝገበ ቃላት አለ፤ ትርጉሙ በእንግሊዝኛ ነው። ንዴቴን የማሳርፍበት አጥቼ መረግድ የሚለውን ፍለጋ ገባሁ። ላቲኖቹ "ስማራግዱስ" ይሉታል። እንግሊዝኛው ፍቺ መጀመሪያ መረግድ ይላል። እሺ፣ ይሁን። ቀጥሎ ቢረሌ የሚባለውን ሌላ ዕንቍ ይላል። ቀጥሎ ኢያስጲድ። ቀጥሎ ደግሞ በጥቅሉ የሚያበራ አረንጓዴ ድንጋይ ሁሉ ይላል። ሌላ መጽሐፍ ላይ ደግሞ የጥንት ሰዎች አረንጓዴ ብርጭቆውንም በዚሁ ስም ይጠሩትና ይሸጡት እንደነበር አገኘሁ። ብድግ አልኩ! የጥንቱ ሰው አረንጓዴ ሆኖ ካበራ መረግድ ይለው ነበር ማለት ነው። ንጉሡ የሰጡትም ያኔውኑ ብርጭቆ ቢሆን፣ በመርከብና በግመል ተጭኖ የመጣ ብርጭቆ ለዚያ ዘመን ትልቅ ስጦታ ነው። ስለዚህ ንጉሡም አልዋሹም፣ ሽማግሌዎቹም አልዋሹም፣ አባቴም አልሰረቀም። ማንም ሳያፍር የሚወጣበት በር ነው ያገኘሁላቸው። ገጹን ኮፒ አድርጌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

መጀመሪያ ለአባቴ አነበብኩለት። አዳመጠ፣ አዳመጠና፦ "በራእይ መጽሐፍ የሰማያዊቷ ከተማ መሠረት ሲቆጠር ኢያስጲድ አንደኛ ነው፣ መረግድ አራተኛ ነው፣ ቢረሌ ስምንተኛ ነው። ይሄ ላቲን ሦስቱን መሠረት በአንድ ስም ካጨቀው ከተማዋ አትወድቅም ወይ?" አለኝ። ስቀን ልንሞት ነበር። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ አብረን ስቀን አናውቅም።

ጉባኤው ዳግመኛ የተሰበሰበው በንግሡ በዓል ሳምንት፣ ደጀ ሰላሙ አጠገብ ካለው ወይራ ሥር ነው። ገበዙ መካከል ተቀምጧል፣ ካህናቱና ሽማግሌዎቹ ዙሪያውን። አበልጁ ከዳር፣ ጋቢውን እስከ አፉ ድረስ ስቦ። እኔ ከሴቶቹ ጋር ቆሜ ነበር፤ ልናገር ብዬ ተፈቀደልኝ። ወረቀቴን አውጥቼ እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነገርኳቸው። ድምፄን አለሳልሼ፣ "አባቶቼ" እያልኩ፣ ማንንም ሳላስቀይም። ስጨርስ ገበዙ ወረቀቱን ትክ ብሎ አየው። ተቀበሉኝ ብዬ ነበር እኮ! ሞኝ።

"ይሄን የፈለግሽው መቼ ነው?" አለ ገበዙ።

"ባለፈው ወር።"

"ከዚያ በፊትስ? የፈረንጅ መጽሐፍ እጅሽ ላይ ነው የሚውለው። ድንጋዩ በውጭ አገር ምን እንደሚባል አውቀሻል። ዋጋውንም አውቀሻል ማለት ነው።"

"ዋጋ የሚል የለበትም!"

"ፈረንጅኛውን እኛ እናንብበው?" አለ፣ ሰዉ ሳቀ። ከጎኔ የነበረች ሴትዮ ነጠላዋን ሰብስባ አንድ እርምጃ ሸሸችኝ። በቃ፣ አባት ሰረቀ፣ ልጅ አሻሻጠች ሆነ። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ይሏል ይሄ ነው። አባቴን የማወጣበት መስሎኝ ያመጣሁት ወረቀት እኔንም ጨምሮ ከተተኝ። ወረቀቴን አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ መለስኩ።

አባቴ ያኔ ተነሣ። "ልጄን ተዉአት" አለ። "እኔ አንድ ጥያቄ ነው ያለኝ፣ ለአበልጄ። ስረከብ አብረን ነበርን። ግምጃው ተፈትቶ ነበር ወይስ አልተፈታም?"

ሁሉም ወደዚያ ዞረ። አበልጁ ጋቢውን ከአፉ ላይ አላወረደም። አንድ ቃል ነበር የሚጠበቅበት፤ አልተፈታም ቢል አባቴ ዳነ። እሱ ግን ታቦት ፊት ያላየውን አየሁ ብሎ መሰከረ ሊባል ነው። ከሁለት አንዱ ስም መጉደፍ ነበረበት።

"አየን ብለናል" አለ። "ያልነው ያልነው ነው።"

አባቴ አልተናደደም። ተቀመጠ ብቻ። እኔ ግን እንደዚያ ቀን ሰው ጠልቼ አላውቅም።

ገበዙ አባቴ ከዕቃ ቤቱ መሻሩን ተናገረና እዚያው በዚያው ለአዲሱ ጠባቂ ያስረክብ አለ። ቁልፉ ከእገዳው ወዲህ ገበዙ ዘንድ ነበር፤ አባቴ ተቀብሎ ዕቃ ቤቱን ከፈተ። ከበሮው ወጣ፣ "ተረከብኩ"፣ "አየን"። ጽናው ወጣ፣ "ተረከብኩ"፣ "አየን"። ጃንጥላው፣ አልባሳቱ፣ እያለ መስቀሉ ጋ ተደረሰ። መስቀሉ ሲወጣ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። አዲስ ግምጃ ለብሷል! ያን ብርጭቆ እንደያዘ መልሰው ጠቅልለውታል። ሴቶቹ እልል አሉ።

ገበዙ እንደለመደው ድምፁን ከፍ አድርጎ "መስቀሉ ከነመረግዱ?" አለ።

አዲሱ ጠባቂ ታቀፈው። አውራ ጣቱ በግምጃው ላይ ስትሄድ፣ ጉብታዋን አግኝታ ስትቆም አየኋት። "ከነመረግዱ ተረከብኩ" አለ።

"አየን!" አሉ ሽማግሌዎቹ። አበልጁም ከነሱ ጋር አለ።

ከዚያ ያበድኩ መሰለኝ። ከሴቶቹ መካከል ወጥቼ ወይራው ሥር ድረስ ሄድኩ። "ምን አላችሁ?" አልኩ። "ከነመረግዱ አላችሁ? አለች? መረግዷ አለች? አሁን በአፋችሁ ተረከብን፣ አየን አላችሁ እኮ! አለች ካላችሁ አባቴ ምኑን ነው የሰረቀው? የለችም ካላችሁ ደግሞ አሁን ምኑን ነው ያያችሁት? ንገሩኛ! ምኑን ነው ያያችሁት?"

ያች ስትሸሸኝ የነበረችው ሴትዮ "እውነቷን እኮ ነው" አለች፣ ቀስ ብላ ነው ያለችው፣ ግን ተሰማ። አዲሱ ጠባቂ አውራ ጣቱን ከመስቀሉ ላይ እሳት እንደነካው አነሣት። ገበዙ ተነሥቶ "ሴት ልጅ ደጀ ሰላም ላይ አትጮህም" አለ። ካህናቱ ራስ ለራስ ገጥመው ተንሾካሾኩ፣ ቆይተው ተመለሱ። አንደኛው ጉሮሮውን ጠራረገና፦ "ለሰላም ሲባል፣ በዓሉም ስለደረሰ፣ እገዳው ተነሥቷል። እግዜር ይቅር ይበልህ፣ እኛም ይቅር ብለንሃል" አለው አባቴን።

ይቅር ብለንሃል! ሰምታችኋል? በደልንህ አላሉም፣ ይቅር በለን አላሉም፤ እነሱ እሱን ይቅር አሉት! አባቴም ጎንበስ ብሎ "እግዜር ይስጥልኝ" አለ። ክንዴን ይዞ አወጣኝ።

ቁልቁለቱን ስንወርድ ከኋላችን የሰው ኮቴ ሰማን። አበልጁ ነው፣ ቁና ቁና እየተነፈሰ። አባቴ ቀድሞ ሄደ፣ አልዞረም። እኔ ቆምኩ። አበልጁ ግራ ቀኙን አየና፣ ማንም አለመኖሩን አረጋገጠና፣ እጄን ያዘኝ።

"ልጄ፣ አልተፈታም ነበር። አላየሁም። ማንም አላየም። አባትሽ ንጹሕ ነው፣ እኔ አውቃለሁ።"

እንባው ይወርዳል። አላሳዘነኝም። የማያሳዝን እንባም አለ ለካ።

"እዚያ ይበሉት" አልኩት፣ ወይራውን በጣቴ አሳይቼ። "ሰዉ ገና አልተበተነም። ይመለሱና ይበሉት።"

"እዚያማ እንዴት ብዬ ልጄ? ለመሞት የደረስኩ ሰው ነኝ። አላየሁም ብዬ በሐሰት መስካሪ ስም ልቀበር?"

"አባቴስ?"

እጄን ለቀቀ። እኔም አባቴን ተከትዬ ወረድኩ።

አባቴ አሁን ይቀድሳል። ሰንበቴም ሲቀመጥ ይቀዱለታል፣ ግን ጎድሎ ነው የሚቀዱለት አለኝ ወንድሜ። የንስሐ ልጆቹ አልተመለሱም። "ይቅር የተባለው" ይሉታል ሳያፍሩ፣ ምን እንዳደረገ ለማያውቀው ልጅ ሳይቀር። ላቲኑን ወረቀት ዳዊቱ ውስጥ አስቀምጦታል። ለምን እንደሚያስቀምጠው ጠይቄው "ያሳቀን እሱ አይደል" አለኝ።

መንገድ በተከፈተ ቁጥር እሄዳለሁ። አበልጁ መምጣቴን ሲሰማ በበትሩ እየተደገፈ ይመጣል፣ ሊስመኝ። "ሸጋ ነሽ ወይ ልጄ?" ይለኛል።

"አሉት ወይ አያ?" እለዋለሁ።

"ኧረ ተይኝ በማርያም፣ ተይኝ አሁንስ።"

አልተውም።